የአምስት ዓመቱ ፖስታ

ቬርና ቲልማንን ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ አላስቀምጥ ብሏታል። ቁጭ ትላለች፣ ብድግ ትላለች፣ መስኮቱ ጋ ሄዳ ወንዙንና ድልድዮቹን ታያለች፣ ተመልሳ ቁጭ ትላለች። የያዘችውን እስክሪብቶ ክዳን አኝካ አኝካ ጨርሳዋለች። ሚያዝያ ገብቶ ሳለ ፒትስበርግ ላይ ዛሬም በረዶ ብን ብን ይላል። እሷ ግን ኮቷን አውልቃ እጅጌዋን ሰብስባ እንኳ ያልባታል።

ቀጠሮዋ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነው። ከቡድኑ ባለቤት ጋር።

ቬርና የፒትስበርግ መዶሻዎች የቅርጫት ኳስ ቡድን ምክትል ሥራ አስኪያጅ ናት። የዋናው ሥራ አስኪያጅ የሚልተን ሁዳክ ቀኝ እጅ ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት ባለቤቱ ሚስተር ስታውፈር፣ በጋራዥ በር ፋብሪካ የከበሩት የሰባ ዘጠኝ ዓመት አዛውንት፣ ለብቻዋ ጠርተው እንዲህ ብለዋት ነበር፦

«ሚልተን ታገሱኝ አለኝ፤ ስድስት ዓመት ታገስኩ። አሁን አንቺ ንገሪኝ። ይሄ ዕቅድ የሚለው ነገር ዕቅድ ነው ወይስ ተረት ተረት? ሰኞ አስር ሰዓት ላይ ነይና በአፍሽ ንገሪኝ፣ ወረቀት አልፈልግም። ሰውየው አይረባም ካልሽኝ፣ ወንበሩ ያንቺ ነው።»

እንግዲህ ፍረዱ! ጉልበቷ ተሰብሮ ጨዋታ ካቆመች በኋላ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ፊሽካ እየነፋች ልጆች ስታሯሩጥ አግኝቶ፣ «አንቺ ልጅ ዓይን አለሽ፣ ነይ ከእኔ ጋር ሥሪ» ያላት ማን ሆነና! ከአስራ አራት ዓመት በፊት ያላት ይሄው ሚልተን ነው። አሁን ገመዱን አንገቱ ላይ አጥልቂ ወይም አውልቂ ተብላ ታዝዛለች።

ከስድስት ዓመት በፊት ሚልተን እሷን ይዞ ወደ መዶሻዎቹ ሲመጣ ቡድኑ የማይነሳም የማይወድቅም፣ መሃል ላይ የሚንገዋለል ነበር። «ይሄ በጥገና አይድንም። አፍርሰን ከመሠረቱ እንሥራው፤ አምስት ዓመት ስጡኝ» አለ። ያሉትን ስመ ጥር ተጫዋቾች ሸኝቶ ጢማቸው ያልበቀለ ልጆች ሰበሰበ። በዚህ ሊግ ከሁሉ ይበልጥ የተሸነፈ ቡድን በየበጋው አዲሶቹን ተጫዋቾች ከሌሎቹ ቀድሞ ይመርጣል፤ ስለዚህ መሸነፍ ማለት መዝራት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ከሰማንያ ሁለት ጨዋታ አስራ አራት አሸነፉ። ደጋፊው በኀፍረት ቡናማ የወረቀት ከረጢት ራሱ ላይ አጥልቆ፣ ለዓይኑ ሁለት ቀዳዳ አበጅቶ ይመጣ ጀመር። ዘንድሮ ደግሞ አርባ አንድ አሸንፈው አርባ አንድ ተሸነፉ። ግማሽ በግማሽ! እስቲ ከዚህ ምን ተብሎ ይፈረዳል? ዛፉ እያደገ ነው የሚልም ልክ ነው፣ ደርቋል የሚልም ልክ ነው።

ጠዋት ወደ ሥራ ስትነዳ ሬድዮው የሚያወራው ይህንኑ ነበር። አንድ የደወለ ሰው ድምፁ እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። «ሁዳክ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይለናል! ስድስት ዓመት እኮ ነው ወንድሜ! እንቁላሉ ገማ!» ሁለተኛው ደዋይ ተቀበለው፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» አዘጋጁ በሳቅ ፈረሰ። ቬርና ሬድዮውን ዘጋችው፣ ወዲያው ከፈተችው፣ ደግማ ዘጋችው።

የመኪና ማቆሚያው ዘበኛ ሽማግሌው ኦቲስም አልማራትም። በሩን ሳይከፍትላት በመስኮት አንገቱን አስገባ።

«ፔቲዌይን ትናንት ማታ አየሽልኝ? አርባ አራት ነጥብ! ያንን ልጅ ትቶ ዶኒ ራስክን የሚወስድ ሰው ገበያ ቢልኩት ፈረሱን ትቶ ኮርቻውን ገዝቶ ይመጣል።»

«ኦቲስ፣ በሩን ክፈትልኝ።»

«አንቺስ ለሚልተን ነግረሽው ነበር። አገር ያውቃል።»

«ነግሬው ነበር» አለች ቬርና። ሁሌም እንደምትለው ነው ያለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት በበጋው ምርጫ መዶሻዎቹ ሦስተኛ ተራ ደረሳቸው። ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዱ ዶኒ ራስክ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአስራ ሦስት፣ ቅርጫቱ ሥር ሲቆም ጥላው ራሱ የሚያስፈራ። ሌላው ጃሊል ፔቲዌይ የሚባል አጭር ኳስ አቀባይ። ሚልተን ራስክን መረጠ። የራስክ እግር በሁለተኛው ዓመት ተሰበረ፣ በሦስተኛው ዳግም ተሰበረ፤ አሁን ኢሪ ከተማ መኪና ይሸጣል። ፔቲዌይ ደግሞ ይኸው በሰው ቡድን ንጉሥ ሆኗል። ሚልተን ያኔ ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ «ምርጫው የእኔ ነው፣ የእኔ ብቻ» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ በተነሳ ቁጥር የሚወረወርበት ድንጋይ ይህ ነው።

ቬርና ይህን ታሪክ የምትተርክበት መንገድ አላት። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ ልጁን ልታይ የሄደችበት፣ ጣሪያው የሚያፈስ አንድ ትንሽ አዳራሽ። ሜዳው ላይ ለፍሳሹ ባልዲ ተቀምጧል። ፔቲዌይ ኳሱን እያነጠረ መጥቶ፣ ሳያየው ባልዲውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ያልፋል፤ ጠብታ ውኃ አልፈሰሰም። «ያኔውኑ ለሚልተን ደውዬ ውሰደው አልኩት። አልሰማኝም» ትላለች። በሰርግ ላይ ተርካዋለች፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ተርካዋለች፣ አንድ ቀን መኪና ውስጥ ለራሳቸው ለሚስተር ስታውፈርም ተርካላቸዋለች። ሽማግሌው ያን ቀን ነው ስሟን በልባቸው የጻፉት።

ስለዚህ ፍርዷን ሌሊቱን ሙሉ ስታገላብጥ አድራ ጨርሳዋለች። ዕቅዱ ትክክል ነው፤ የሚልተን ዓይን ግን ደክሟል። ይህን ትላለች። ውሸት የለበትም፣ ሰውየውንም አያዋርድም፣ ልጆቹም አይበተኑም። ማስረጃም አላት።

ማስረጃው ያለው ጨዋታ የሚያዩበት ክፍል ውስጥ፣ አረንጓዴው የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ይህ የሚልተን ልማድ ነው። ከምርጫው ዋዜማ፣ ክርክር ከመጀመሩ በፊት፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እሱ ቢሆን የሚመርጠውን አንድ ስምና አንድ መስመር ምክንያት ይጽፋል፣ ይፈርማል፣ በፖስታ ያሽጋል። ፖስታው የሚከፈተው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። «ተጫዋች በአንድ ጀምበር አይፈረድበትም፣ እኛም እንደዚያው» ይላል። የዚያ ዓመቱ ፖስታ ሊከፈት ሁለት ወር ቀርቶታል። ግን ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ ሚልተን ጋ፣ አንዱ እሷ ጋ። ሁለት ወር ምን አላት!

ሰባት ሰዓት ላይ ሹልክ ብላ ገባች። የራሷን ፖስታ በእጅ ጽሑፏ ለየችው። ጥፍሯን አስገብታ ቀደደችው።

«ራስክ። የፔቲዌይ ልብ ደስ ይላል፣ ግን አጭር ነው፤ ቁመትን ማስተማር አይቻልም። ቬርና ቲልማን።»

አነበበችው። ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ ባዶ ነው። ፖስታውን ዳግም አየችው፣ ዓመቱ ልክ ነው። ፊርማዋ ራሱ፣ ያ ጭራው የሚረዝመው ቲ ራሱ። ወይ ጉድ! ባልዲውስ? ባልዲው እውነት ነው፤ ባልዲውን አይታለች። መደወሏም እውነት ነው። ምን ብላ እንደደወለች ግን አሁን ልታስታውሰው ስትል የሚመጣላት በየሰርጉ የተረከችው ብቻ ነው።

የሚልተን ፖስታ ከሥሩ ነበር። የሰው ፖስታ ነው፣ አይነካም። ሁለት ጊዜ ቁም ሳጥኑን ዘጋች፣ ሁለት ጊዜ ከፈተች። በሦስተኛው ቀደደችው።

«ፔቲዌይ። ግን ቬርና ዘጠኝ ጊዜ አይታዋለች፣ እኔ ሁለት ጊዜ። እሷ ሌላ ካለች የእሷን እከተላለሁ። ሚ. ሁዳክ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እንዲህ ሲጠራ ግን ዓይን ያጠፋል።

ሚልተንን ያገኘችው ምድር ቤት፣ ባዶው የልምምድ ሜዳ ዳር አግዳሚ ላይ ነው። ድንች ጥብስና ጥቅል ጎመን የታጨቀበትን ትልቅ ሳንድዊች በሁለት እጁ ይዞ እየታገለ ነው። ሁለቱን ወረቀት ጭኑ ላይ ጣለችለት።

«ይሄ ምንድነው?»

አፉን ጠረገ፤ መነጽሩን ፈልጎ ግንባሩ ላይ አገኘው። አነበበና መልሶ ሰጣት።

«ሁለት ወር ይቀረው ነበር። ሌባ።»

«ታውቅ ነበር!»

«እንዴት አላውቅም? ያን ዕለት ጠረጴዛ እየደበደብሽ ራስክ፣ ራስክ ስትዪ ጆሮዬ እስኪግል ሰማሁሽ እኮ።»

«ታዲያ አምስት ዓመት ሙሉ ነግሬው ነበር እያልኩ አገር ሳዳርስ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? የሰው ሰርግ ላይ ብድግ ብዬ ይቺ ሴት ተሳስታለች ልበል? ደግሞ አልዋሸሽም። አምነሽበት ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።» ከሳንድዊቹ የወደቀ ድንች ለቀመና በላ። «ተጫዋች መልማይ ዓይኑን መጠራጠር ከጀመረ አለቀለት። አንቺ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ስድስት ጥሩ ልጅ አምጥተሽልኛል።»

ቬርና በሜዳው ጠርዝ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ጫማዋ እንጨቱ ላይ ሲጥ ሲጥ ይላል።

«አስር ሰዓት ላይ ስታውፈር ጋ እገባለሁ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ዘበኛው ኦቲስ ሳይቀር ያውቃል።»

«ይሄን አሳያቸዋለሁ።»

ሚልተን አኝኮ እስኪውጥ ጠበቀች። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ሄደ።

«አታሳዪው» አለ። «ስሚኝ ቬርኒ። የፈለግሽውን በይ፣ ዓይኑ ጠፍቷል በይ፣ አርጅቷል በይ። ይሄን ወረቀት ግን አታሳዪው። አይጠቅመኝም።»

«ስምህን እኮ ያነጻልሃል!»

«አይጠቅመኝም አልኩሽ።»

አይ ሚልተን! አሁንም ሊሸፍነኝ ነው አለች በልቧ። ዕንባዋ መጣ። ከአንጀት ከመጣ ዕንባ አይገድም፤ ደረጃውን ስትወጣ በእጅጌዋ እየጠረገች ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ምን እንደምትሠራ በደንብ አወቀች። ወንበሩ ይቅር። ስሟም ይቅር።

አስር ሰዓት ላይ ሚስተር ስታውፈር ፊት ቆመች። ተቀመጪ ቢሏት እምቢ አለች። አንድ በአንድ ነገረቻቸው። መኪና ውስጥ የነገርኩዎት ትክክል አይደለም አለች። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ልጁን አይቶታል፤ ዓይኑ አልደከመም፤ ዕቅዱ የተሰነጠቀው በእኔ ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ የእኔን ስድብ ተሸክሞልኛል። ሁለቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋች።

ሽማግሌው አጎንብሰው ሁለቱንም ደጋግመው አነበቡ። ከጎናቸው የመጀመሪያው ጋራዥ በራቸው ትንሽ አምሳያ ተቀምጧል፤ እጃቸው እየሄደ ከፈት ዘጋ ያደርገዋል።

«ስለዚህ ያውቅ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ! ያውቅ ነበር።»

«ትክክሉን አይቶ፣ በእጁ ጽፎ፣ ፈርሞበት፣ ከዚያ ፖስታ ውስጥ አሽጎት የሰው ስህተት መረጠ።»

ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ለቬርና ገባት።

«ሚስተር ስታውፈር፣ እኔ ዘጠኝ ጊዜ ስላየሁት እኮ ነው! ሰው መስማት ጥፋት ነው እንዴ? እርስዎ ሰው የማይሰማ አለቃ ይፈልጋሉ?»

«ሰምቶ የሚወስን እፈልጋለሁ። የተሳሳተ ሰው ይማራል፤ እኔም ስንት በር ሠርቼ ሰው ላይ ወድቋል። ትክክሉን ይዞ እጁን የሚሰጥ ሰው ግን ምን ብሎ ይማራል? ነገም ይሰጣል።» መነጽራቸውን አወለቁ። «እግዜር ያሳይሽ፣ እስካሁን ዓይኑ ደክሟል ብዬ ነበር የማስበው። ለደከመ ዓይን መነጽር አለ፤ አንቺን ጎኑ አድርጌ ሁለት ዓመት ልጨምርለት ቆርጬ ነበር። ይሄን ካየሁ በኋላ አልችልም።»

«እንዲህ ከሆነ እኔስ? የተሳሳትኩት እኔ!»

«አንቺ የገዛ ጥፋትሽን ይዘሽ፣ ሳትጠሪበት፣ በእግርሽ መጣሽ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ እንዲህ ያለ ሰው ሁለት አላየሁም። ወንበሩ ያንቺ ነው።»

ቬርና እምቢ ማለት ነበረባት። ወረቀቱን ነጥቃ፣ በሩን ወርውራ መውጣት ነበረባት። አፏ ግን «ላስብበት» አለ።

ወደ ታች ስትወርድ ሊፍቱን መጠበቅ አቃታት፤ በደረጃ ሮጠች። ሚልተን ቢሮው ውስጥ ቆሞ የግድግዳውን ሰሌዳ ያያል። የልጆቹ ስም፣ ዕድሜያቸው፣ መቼ ይበስላሉ የሚለው ሁሉ በእጅ ጽሑፉ እዚያ ላይ አለ። ስልኩ ገና ጠረጴዛው ላይ መብራቱ አልጠፋም።

«ደወሉልህ?»

«ደወሉልኝ።»

«ሚልተን፣ እኔ... ለእኔ ብለህ የምትሰዋ መስሎኝ ነበር። አታሳዪ ስትለኝ።»

«እኔ? ስድስት ዓመት የለፋሁበትን?» ዞሮ አያት። የተቆጣ አይመስልም፤ ደክሞታል። «ስታውፈርን ስለማውቀው ነው ያልኩሽ። አይጠቅመኝም ስልሽ አይጠቅመኝም ማለቴ ነበር። ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትሰሚኝ።»

ቬርና በሩ ላይ ተደግፋ አለቀሰች፤ እሱም አላባበላትም፣ አልከለከላትምም።

«ተቀበልሽ?» አለ።

«ላስብበት ብያለሁ።»

«ላስብበት ማለት እሺ ማለት ነው።» ከቀበቶው ላይ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ፈታና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ተቀበዪ። ልጆቹ ገና ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሌላ ሰው መጥቶ እንደገና አፈርሳለሁ ቢል ነው የሚያንገበግበኝ። እና ፖስታውን አታስቀሪው። በኋላ ሁላችሁም እኔ ብዬ ነበር ትላላችሁ።»

ኮቱን ለበሰ። የቀረውን ሳንድዊች በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። በኮሪደሩ ሲሄድ ኦቲስ ከመኪና ማቆሚያው መጥቶ የሆነ ነገር ሲለውና ሚልተን ሲስቅ ሰማች።

ቬርና ጨዋታ ወደሚታይበት ክፍል ገባች። አሁን ቁልፉ ሁለቱም እጇ ላይ ነው። በመስኮቱ በኩል የሚልተን መኪና ድልድዩን ሲያቋርጥ እስኪጠፋ አየችው። ቁጭ አለች። ራሷን ታውቃለች፤ ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ አውቃታለች። ከአምስት ዓመት በኋላ በሰው ሰርግ ላይ ብርጭቆ ይዛ «ሚልተንን ለማዳን ያልሆንኩት የለም፣ ወንበሩን ሲሰጡኝ ልቤ ተሰበረ» ትላለች። ታምንበታለችም።

ነጭ ወረቀት ሳበች። ቀኑን ጻፈች። አንዴ ከጀመረች አላቆመችም።

«ወንበሩ ያንቺ ነው ሲሉኝ፣ ከሁሉ በፊት ደስ አለኝ። ቬርና ቲልማን።»

አጠፈችው፣ ፖስታ ውስጥ ከተተችው፣ አሸገችው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከሌሎቹ ሥር አስገብታ ሁለት ጊዜ ቆለፈችው።